የቲማቲምና የበርበሬ ስር የሚያሳብጠው ኔማቶድ፦ ያለ መርዝ እንዴት እንቆጣጠረው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከመራዊና ቆጋ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከአዴት አካባቢ በመስኖ አትክልት የምታለሙ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁትን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ አስቀምጬዋለሁ።

ኔማቶድ ምንድነው? ትል ከሆነ ለምን አይታየኝም?

ትል ነው፣ ግን እንደ ምድር ትል አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ክር የመሰለ ቀለም የሌለው ፍጥረት ነው፣ ስር ውስጥ የሚገባው ልጅየው ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ አፈሩን አፍሳችሁ ብታዩት ምንም አታገኙም። አፈር ውስጥ ያለው የኔማቶድ አይነት ብዙ ነው፣ አብዛኛው ሰብል አይነካም። እኛን የሚያስለቅሰን በተለይ ሜሎይዶጋይን የሚባለው ስር የሚያሳብጠው ወገን ነው፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቦሎቄ፣ ዱባ ብቻ ምን አለፋችሁ በመቶ የሚቆጠር ተክል ይበላል።

ሴቷ ስሩ ውስጥ ገብታ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፣ ከዛ በኋላ አትንቀሳቀስም፣ ስሩን አሳብጣ ከዛው ትመገባለች። ከዛ 300፣ 500፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ እንቁላል ዝልግልግ ባለ ነገር ጠቅልላ ታወጣለች። አፈሩ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሞቀ ከእንቁላል እስከ እንቁላል አንድ ወር ገደማ ነው የሚፈጅባት፣ ደጋ ላይ ይዘገያል። ታህሳስ የተተከለ ቲማቲም እስከ ሚያዝያ ሲቆይ ስንት ትውልድ እንደሚራባበት አስቡት፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት የነበረው መጨረሻ ላይ የማይቻል የሚሆነው ለዚህ ነው።

በምን አውቃለሁ? ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ውሃ አንሶት ነው ወይስ በሽታ ነው?

ቅጠል አይቶ መፍረድ አይቻልም፣ ስሩን ማየት ግድ ነው። ማሳው ላይ ግን አንድ ጥቆማ አለ፣ ሁሉም ቦታ እኩል አይጎዳም፣ እዚህ ጋ ድንክ ያለ እዛ ጋ ደህና የሆነ፣ መደብ መደብ እየሆነ ነው የሚታየው። የታመመውን ተክል ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ ስሩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀርና ምንም የለም ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። ስሩ ራሱ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሮ ተቋጥሮ ካበጠ እሱ ነው። ድንች ላይ ከሆነ ልጣጩ ላይም ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል።

ሁለት ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ ስራቸው ላይ የራሳቸው እባጭ አላቸው፣ እሱ ናይትሮጅን የሚሰራላቸው ወዳጅ ባክቴሪያ ቤት ነው። ወዳጁ እባጭ ከስሩ ጎን ተለጥፎ ነው ያለው፣ በጥፍር ሲነኩት ይላቀቃል፣ ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ይላል፣ የኔማቶዱ ግን ስሩ ራሱ ነው ያበጠው፣ አይላቀቅም። ሌላው በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ነው፣ ይሄኛው ተክሉን አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ነው የሚጥለው። ግንዱን ከታች ቆርጣችሁ ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያዙት፣ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያው ነው። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውም የተለመደ ነው ምክንያቱም ኔማቶዱ ያቆሰለው ስር ለባክቴሪያው በር ይከፍትለታል።

ድሮ አልነበረም፣ ከየት መጣብኝ?

በራሱ እግር አልመጣም። ኔማቶድ በራሱ ጉዞ በአንድ የምርት ወቅት አንድ ሜትር ቢሄድ ነው፣ የሚያመላልሰው ሰው ነው። ዋናው ችግኝ ነው። ከሌላ ሰው የተገዛ ችግኝ ስሩ ላይ ትንሽ እባጭ ይዞ ከመጣ ማሳውን በሙሉ በእጃችሁ ተከላችሁበት ማለት ነው። ከዛ ቀጥሎ ውሃ፣ ከላይ ካለው ማሳ የሚንጠባጠበው ትርፍ ውሃ በቦዩ ወደ ታች ይወርዳል። ማረሻ፣ ዶማ፣ የበሬ ኮቴ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ ሁሉም ይሸከመዋል።

ድሮ ያልነበረ የመሰለው ደግሞ እርሻው ስለተቀየረ ነው። ዝናብ ጠብቆ በዓመት አንዴ ጤፍ ወይም ዳጉሳ የሚዘራበት መሬት በጋውን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይከርም ነበር፣ ትሉም የሚበላው አጥቶ ይመነምን ነበር። አሁን በቆጋ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ የሚለማበት ዘመን ነው፣ ከዛ ላይ በየወንዙ ያለው የፓምፕ እርሻ አለ፣ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ቲማቲም በቲማቲም ላይ ይተከላል። መስኖው በረከት ነው እኔ በበኩሌ ሺ ጊዜ ይስፋ እላለሁ፣ ግን ለትሉም ተመችቶታል።

ኬሚካል አፍስሼበት አልገላገልም?

አትገላገሉም። እንቁላሉ በዝልግልግ ተሸፍኖ ሴቷ ስር ውስጥ ተሸሽጋ ነው ያለችው፣ መርዙ አብዛኛውን አያገኘውም፣ የተረፈው በአንድ ወቅት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ለኔማቶድ የተሰሩት መርዞች ደግሞ ከሁሉም የከፉት ናቸው። ዲቢሲፒ የሚባለው በፈረንጆቹ 1977 ላይ የሚያመርቱትን ሰራተኞች መሀን እንዳደረገ ታወቀና ታገደ። ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሰረት ያደጉት አገሮች እስከ 2005፣ እንደኛ ያሉት እስከ 2015 (በፈረንጆቹ) ከእርሻ እንዲያስወጡት ተደረገ። ካርቦፉራን የሚባለውን ፍሬ ፍሬ መርዝ ወፍ ጥራጥሬ መስሏት ለቅማ ትሞታለች፣ እሱን በባዶ እጁ እየዘገነ የሚበትን ሰው አለ፣ እባካችሁ ተው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው አፈር ውስጥ ትሉን የሚበሉትን ወዳጆች አብሮ መፍጀቱ ነው።

"ስነ ህይወታዊ ቁጥጥር" ሲባል ምን ማለት ነው? ትሉን የሚበላው ማነው?

ኔማቶድ አፈር ውስጥ ጠላቱ ብዙ ነው፣ የኛ ስራ ጠላቶቹን ማብዛት ነው። በጣም ከሚታወቁት ልጀምር። ፐርፑሪዮሲሊየም የሚባል ፈንገስ አለ (በፊት ፔሲሎማይሲስ ይባል ነበር፣ የቆየ እሽግ ላይ በዛ ስም ታገኙታላችሁ)፣ እንቁላሉን ቀዶ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ፖኮኒያ የሚባለውም ስራው እንደዛው ነው። አርትሮቦትሪስ የሚባለው ደግሞ ወጥመድ የሚያጠምድ ፈንገስ ነው፣ ክሩን መረብ አድርጎ የሚያጣብቅ ነገር ይቀባዋል፣ ኔማቶዱ ሲያልፍ ይያዛል ከዛ ፈንገሱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። ከዚሁ ወገን ቀለበት የሚሰሩም አሉ፣ ትሉ አንገቱን ሲያስገባ ቀለበቱ በሰከንድ አንድ አስረኛ ውስጥ ጥብቅ ይላል። ይሄ ሁሉ ጦርነት እግራችን ስር ነው የሚካሄደው፣ እኔ መጀመሪያ ሳነበው እግዜር አፈርን ምን አይነት ነገር አድርጎ ነው የሰራው ብዬ ነው የተደነቅኩት።

ከባክቴሪያ ወገን ፓስቹሪያ የሚባለው ዘሩ (ስፖር የሚሉት) አፈር ውስጥ ሲጠብቅ ይቆይና የሚያልፈው ልጅ ኔማቶድ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ትሏ ስሩ ውስጥ ገብታ ብታድግም እንቁላል መጣል ያቅታታል፣ ሆዷ በእንቁላል ፋንታ ሁለት ሚሊዮን በሚደርስ የባክቴሪያው ስፖር ይሞላል። ችግሩ ካለ ኔማቶድ አይራባም፣ ስለዚህ በፋብሪካ ማብዛቱ አስቸጋሪ ነው። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎችና ትራይኮደርማ የሚባለው ፈንገስ ደግሞ ስሩን ከበው ይይዙና ቦታ ይነሱታል፣ ተክሉም ራሱን እንዲከላከል ያነቁታል። ሌላ ኔማቶድ የሚበላ ኔማቶድም አለ፣ ሞኖንከስ ይባላል፣ ጥርስ አለው።

እነዚህን ነገሮች ገዝቼ መጠቀም እችላለሁ? ትራይኮደርማ ይሰራል?

ይሰራል፣ ግን እንደ መርዝ ዛሬ ረጭቶ ነገ የሞተ መቁጠር የለም። ህይወት ያለው ነገር ነው የምትገዙት። መጀመሪያ እሽጉ ላይ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ጊዜው ያለፈ ወይም ሱቅ መስኮት ላይ ፀሀይ ሲመታው የከረመ ከሆነ የሞተ ዱቄት ነው የገዛችሁት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ፣ ለየትኛው ሰብልና ለምን እንደተመዘገበም ይፃፍበታል። ቤት ስታመጡ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ ከፈንገስ መድሀኒት ጋር አንድ ላይ አትበጥብጡት፣ ትራይኮደርማ ራሱ ፈንገስ ስለሆነ ትገሉታላችሁ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው ጊዜው ላይ ነው። ስሩ ካበጠ በኋላ ቢጨመር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ችግኝ መደብ ላይ ይጀመር፣ ስትተክሉ ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይግባ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን። መጠኑን ከእሽጉ ላይ ተከተሉ ምክንያቱም የየፋብሪካው ጥንካሬ ይለያያል። ስትነኩት ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ ስነ ህይወታዊ ነው ማለት አይን ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። ከየት እንደሚገኝ አዴት ግብርና ምርምር፣ ወይም ዘንዘልማ ያለውን የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ጠይቁ፣ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያም ወትውቱት።

ማሪጎልድ አበባ ዙሪያውን ብተክል ያባርረዋል ይላሉ፣ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ማሪጎልድ ስሩ ውስጥ አልፋ ተርቲኒል የሚባል ነገር አለው፣ ስሩ ውስጥ ሊገባ የሞከረውን ኔማቶድ ይገለዋል። ግን ጠረኑ አያባርርም። ቲማቲም መሀል አስር አበባ ተክሎ መቀመጥ ለአይን ያምራል እንጂ ለትሉ ምንም አያደርገውም። የሚሰራው ማሳውን ወይም መደቡን እንደ ሰብል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዘርታችሁ ሁለት ሶስት ወር ስታቆዩት ነው፣ አረሙንም እየነቀላችሁ፣ አለበለዚያ ትሉ አረሙ ላይ ይኖራል። ከዛ ገልብጣችሁ ታርሱታላችሁ። አጭሩ ፈረንሳይ ማሪጎልድ የሚሉት ነው በደንብ የተፈተነው። መሬቱን ለዚያን ያህል ጊዜ መልቀቅ ለማይችል ሰው ችግኝ መደቡ ላይ ብቻ ቢያደርገው ትልቅ ነገር ነው።

ጎመንዘርስ? የኛው ጎመንዘር ለዚህ ይሆናል ሲባል ሰማሁ

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ጎመንዘር አገሩ እዚሁ ነው፣ ጣሊያን ውስጥ ግን አፈር ለማከም ብለው ይዘሩታል፣ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የቀረውን ፍሬ ሳይቀር አድርቀው ለዚህ ስራ ይሸጡታል። እኛ ጓሮ እያለ አልተጠቀምንበትም። ምስጢሩ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ተክሉ ሲቀጠቀጥና ውሃ ሲያገኝ አፍንጫ የሚወጋ ጋዝ ይሆናል፣ ሰናፍጭ ስትበሉ አፍንጫችሁ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ያ ጋዝ አፈር ውስጥ ሲታፈን ኔማቶዱንም አንዳንድ የፈንገስ በሽታንም ይገድላል።

አሰራሩ ላይ ግን ቸልታ አይወድም። ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩት፣ ማበብ ሲጀምር እጨዱት፣ ፍሬ እስኪይዝ አትጠብቁ። በቆንጨራ በጣም አድቅቃችሁ ክተፉት፣ በደንብ ሳይቀጠቀጥ ጋዙ አይወጣም። ከተከተፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አፈር ውስጥ መግባት አለበት፣ ጠዋት ከትፋችሁ ከሰዓት ብታርሱት ጋዙ ለሰማይ ሄዷል። ስለዚህ ብቻችሁን አትጀምሩት፣ በወንፈል ነው የሚሆነው፣ ግማሹ ሲከትፍ ግማሹ ይቀብራል። 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አስገቡት፣ ወዲያው ውሃ አጠጡት፣ ላስቲክ ካላችሁ ሸፍኑት ከሌላችሁ አፈሩን ረግጣችሁ ድፈኑት።

ከዛ ሁለት ሶስት ሳምንት አትትከሉ፣ ችግኙንም ይገለዋል። ለመትከል መድረሱን ለማወቅ ከዛ አፈር ትንሽ በቆርቆሮ ወስዳችሁ ፌጦ ዝሩበት፣ ፌጦ ቶሎ ስለሚበቅል በጥቂት ቀን ይነግራችኋል፣ ደህና ከበቀለ ትከሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ጎመንዘር ራሱ በህይወት እያለ ትሉን ሊያስተናግደው ይችላል፣ ከአበባው አልፎ ረጅም ጊዜ ከቆየ ልታጠፉ የሄዳችሁትን ታራባላችሁ። ትራይኮደርማ የምትጨምሩ ከሆነም ከጋዙ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን።

ኮምፖስት፣ የዶሮ ኩስ፣ የኑግ ፋጉሎ ይጠቅማል?

ሁሉም ይጠቅማሉ፣ በሁለት መንገድ። አንደኛው ፋጉሎና የዶሮ ኩስ አፈር ውስጥ ሲበሰብሱ አሞኒያ ያወጣሉ፣ እሱ ለትሉ መርዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለነዚያ ትል በሊታ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፣ ለኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ፍግና ኮምፖስት የማያገኝ አፈር ላይ ከሱቅ የተገዛ ፈንገስ ብትበትኑ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። የኒም ፋጉሎ በሄክታር 1 ወይም 2 ቶን ይባላል፣ በካሬ ሜትር ሲሆን ከ100 እስከ 200 ግራም ማለት ነው፣ ችግኝ መደብ ላይ የሚቻል ነው። የኑግ ፋጉሎ የከብት መኖ ስለሆነ ለማሳ ሁሉ ይብቃ ማለት አይቻልም፣ እሱንም ለመደቡና ለተከላ ጉድጓዱ ቆጥቡት። የጉሎ ፋጉሎም ይሰራል፣ ግን ለከብት መርዝ ነው፣ ከብት በማይደርስበት አስቀምጡ።

የዶሮ ኩስ ትኩሱን አትጨምሩ፣ ችግኝ ያቃጥላል፣ ከመትከላችሁ ከሳምንታት በፊት አብስሉት ወይም አፈር ውስጥ ቅበሩት።

ላስቲክ አልብሶ በፀሀይ ማቃጠል እንዴት ነው የሚደረገው?

ለችግኝ መደብ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ ፀሀዩ ሲበረታ መደቡን አለስልሱ፣ ኮረት አውጡ፣ ውሃ አጠጡትና (ሙቀት በእርጥብ አፈር ነው ወደ ታች የሚወርደው) የሚያሳይ ስስ ላስቲክ አልብሱት። ጥቁሩ አይሁን፣ ጥቁሩ ራሱ ነው የሚሞቀው፣ የሚያሳየው ግን ፀሀዩን አሳልፎ አፈሩን ያሞቀዋል። ከአፈሩ ጋር ይለጠፍ፣ ዳር ዳሩን ቅበሩት ነፋስ እንዳያስገባ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ሲነሳ አፈሩን በጥልቀት አትቆፍሩት ምክንያቱም በደንብ የሞቀው የላይኛው 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ነው፣ ከስር ያለው ትል ይወጣል። እንደ ጮቄ ዙሪያ ያለ ቀዝቃዛና ደመናማ ደጋ ላይ ብዙ አትጠብቁበት።

ላስቲክ ለሌለው ደግሞ በጋውን ደረቅ መሬት ደጋግሞ ማረስና ማገላበጥ አለ፣ አባቶቻችን የሚያደርጉት ነው። ስሩ ወደ ላይ ወጥቶ ሲደርቅ እንቁላሉም ይደርቃል። መስኖ ስላለ ብቻ መሬቱን ምንም ሳያሳርፉ መቀጠል ይሄንን ነፃ መድሀኒት መጣል ነው።

በፈረቃ መዝራት እያልኩ ነው፣ ዘንድሮ ቲማቲም ከርሞ በርበሬ፣ ለምን አልሰራልኝም?

ምክንያቱም ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ድንች አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ይሄ ፈረቃ አይደለም። ሽንኩርትም እንደ ቲማቲም አይጎዳ እንጂ ትሉን ሊያቆየው ይችላል። የተሻለው በአብዛኛው ወደ ብርእና አገዳ መሄድ ነው፣ የበጋ መስኖ ስንዴና ገብስ ቁጥሩን እንደ ቲማቲም አያበዙትም። በቆሎ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ የበቆሎ ዝርያ ስሩ ብዙ ሳያብጥ በውስጡ ያራባል። ቆላ ያላችሁ ለውዝ (ኦቾሎኒ) ሞክሩ፣ በሞቃት አገር የሚበዙት ሁለቱ የዚህ ትል አይነቶች ለውዝ ላይ ብዙም አይራቡም፣ መሬቱንም ታዳብራላችሁ።

የተሳካ ፈረቃ የሚያበላሸው አረም ነው። አውጥ፣ አሉማ፣ አስተናግር ማሳ ውስጥና ቦይ ዳር ከቆሙ ትሉ እነሱ ላይ ከርሞ ይጠብቃችኋል። መሬቱ መጥራቱን ለማወቅ ከማሳው ከተለያየ ቦታ አፈር ሰብስባችሁ በሶስት አራት ቆርቆሮ ውስጥ የቲማቲም ወይም የኪያር ችግኝ ትከሉበት፣ በ5 ወይም 6 ሳምንት ስሩን አጥባችሁ እዩ። ላብራቶሪ ሳይኬድ ማሳው ይናገራል።

ኔማቶድ የሚቋቋም የቲማቲም ዘር አለ?

አለ። ከዱር ቲማቲም የተወሰደ ኤምአይ የሚባል ዘረ መል አለ፣ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ነው ወደ ለማ ቲማቲም የገባው። የዘር እሽግ ላይ ስሙ መጨረሻ ላይ የሚፃፉትን ፊደላት እዩ፣ ቪና ኤፍ የአጠውልግ በሽታዎች መቋቋሚያ ናቸው፣ ኤን የምትለዋ ናት ኔማቶድ። ብዙ ሰው የሚዘራው ሮማ ቪኤፍ ስሙ ላይ ኤን የለውም፣ ይቋቋማል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የሚቋቋመውም ቢሆን አፈሩ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መቋቋሙን ይተዋል፣ አባይ በረሀ አፋፍ ላይ ላላችሁ ይሄ ቁምነገር ነው። ደግሞ በየዓመቱ እሱኑ ብቻ ከተከላችሁ የሚሰብረው ትል ይፈጠራል፣ እሱም በፈረቃ ይሁን።

አመድ፣ የከብት ሽንት፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምቆ ማጠጣትስ?

አመድ ፖታሽ ይሰጣል፣ የኛን አሲዳማ አፈርም ትንሽ ያሻሽላል፣ ተክሉ ይጠነክራል። ስር ውስጥ ያለውን ትል ግን አይገልም። ነጭ ሽንኩርት ብርጭቆ ውስጥ ያለ ትል ላይ ይሰራል፣ አንድ ጥማድ አፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ያላችሁን ጨምሩ፣ ግን በሱ ተማምናችሁ ችግኝ መደቡን ችላ አትበሉ።

ሙዝ ላይም አለ?

አለ፣ ሙዝ ላይ ያለው ሌላ ወገን ነው፣ ስሩን ከማሳበጥ ይልቅ ያጠቁረዋል፣ ንፋስ ሲመጣ ሙዙ ከነስሩ ይወድቃል። ግልገሉን ስትተክሉ ስሩን በሙሉ ቆርጣችሁ የጠቆረውን እስከ ነጩ ላጡት፣ ከዛ የፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ነክራችሁ አውጡት። 30 ሰከንድ ብቻ።

ተክዬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ስሩ አብጧል፣ ምን ላድርግ?

ከልቤ አዝናለሁ፣ ይሄ ጥያቄ ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው። አሁን ትሉን ከስሩ ውስጥ የሚያወጣ ነገር የለም፣ እናወጣለን ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የሚቻለው ተክሉ ተሸክሞት ፍሬ እንዲሰጥ መርዳት ነው። ስሩ ውሃ መሳብ ስላቃተው ውሃውን ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ አድርጉ፣ አንዴ አጥለቅልቆ ሳምንት መተው ይገለዋል። ግንዱ ስር የበሰለ ኮምፖስት ጨምራችሁ አፈር አስታቅፉት፣ ቲማቲም ከግንዱ አዲስ ስር ያወጣል። ከላይ ገለባ አልብሱት።

ምርቱ እንዳለቀ ግን አንድ ቀን አትዘግዩ። ብዙ ሰው ግንዱን ለከብት ለቆ ስሩን አፈር ውስጥ ይተወዋል፣ ትሉ እዛ ስር ላይ መራባቱን ይቀጥላል። ስሩን ቆፍራችሁ አውጡ፣ አድርቁና አቃጥሉት፣ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አትክተቱት፣ በደንብ ካልጋለ እንቁላሉ ይተርፋል።

እኔ ይሄን ሁሉ ባደርግ፣ ከላይ ያለው ጎረቤቴ ካላደረገ ምን ዋጋ አለው?

ዋጋ አለው፣ ግን ትንሽ ነው ስለዚህ ጎረቤታችሁን አምጡት። ውሃው አንድ ነው። በውሃ አባቱ በኩል ስብሰባ ሲጠራ ሶስት ነገር አንሱ፣ የታመመ ማሳ ትርፍ ውሃ ወደ ዋናው ቦይ እንዳይመለስ፣ የታመመው ማሳ ከሌሎቹ በኋላ እንዲታረስና ማረሻው ሲወጣ ጭቃው እንዲታጠብ፣ ችግኝ ደግሞ ከንፁህ መደብ በጋራ እንዲፈላ። ሶስተኛው ብቻ ቢሳካ እንኳን ትልቅ ለውጥ ነው። ጋሼ እገሌ እድሜ ልካቸውን ችግኝ ሲሸጡ ኖረዋል፣ ማን ይናገራቸው የሚል ነገር አለ፣ በአክብሮት ስሩን አጥቦ ማሳየት ከክርክር ይሻላል፣ እባጩን በአይናቸው ሲያዩ እሳቸውም ይደነግጣሉ።

ሁሉንም ኔማቶድ ጨርሼ ባጠፋው አይሻልም?

አይሻልም። ባክቴሪያ የሚበሉት ኔማቶዶች ሲመገቡ ትርፍ ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ይለቃሉ፣ ተክሉ ያንን ነው የሚወስደው። ስታይነርኔማና ሄትሮራብዳይቲስ የሚባሉት ደግሞ አፈር ውስጥ የሚኖሩ የነፍሳት ትሎችን የሚገድሉ ናቸው፣ በሌላው አገር በእሽግ ይሸጣሉ። መሬቱን ከስር እስከ ጫፍ ማምከን ወዳጁንም ጠላቱንም ያጠፋል፣ ባዶ ቤት ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚመለሰው ጠላቱ ነው። የምንፈልገው ቁጥሩ ወርዶ ተክሉ ሳይሰማው እንዲያልፍ ነው።

ታዲያ በስንት ጊዜ ለውጥ አያለሁ? መስራቱንስ በምን አውቃለሁ?

ችግኝ መደቡን በፀሀይ ያከመ ሰው በዛው ወቅት ያያል ምክንያቱም ችግኙ ንፁህ ስር ይዞ ይወጣል። በጣም የታመመ ማሳ ግን ሁለት ሶስት ዓመት ፈረቃ፣ ጎመንዘር፣ ኮምፖስት ይፈልጋል፣ አንዱን ብቻ አድርጎ የተሳካለት ጥቂት ነው።

መለኪያው ስር ነው። ምርት ባለቀ ቁጥር ማሳውን ዚግዛግ እየሄዳችሁ 20 ተክል ቆፍራችሁ አውጡ፣ እባጭ ለሌለው 0፣ ሙሉ በሙሉ ላበጠ 5፣ መሀል ላይ ላለው በአይናችሁ ገምታችሁ ቁጥር ስጡ። ደምራችሁ ለ20 አካፍሉና ከዓመተ ምህረቱ ጋር ደብተር ላይ ፃፉት፣ የትኛው የማሳው ጥግ ላይ እንደባሰም ምልክት አድርጉ፣ የሚቀጥለውን ጎመንዘር ከዛ ጥግ ትጀምራላችሁ።